ዐሥራ አራቱ ዕፅዋትና የክብራን ደሴት

ስለ መጽሐፈ ሄኖክ አነባበብና ስለ ደሴቲቱ አጠባበቅ የቀረበ ሐተታ

በጣና ባሕር ካሉት ደሴቶች መካከል ክብራን ገብርኤል በስፋቷ ታናሽ፥ በመጻሕፍቷ ግን ታላቅ ናት። በ14ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ዘዮሐንስ የተመሠረተችው ይህች ገዳም ከባሕር ዳር ከተማ ብዙም ሳትርቅ፥ በደን ተሸፍና ከውኃው መካከል ትታያለች። የየብስ አብያተ ክርስቲያናት በየዘመኑ በተነሣው ጦርነትና እሳት መጻሕፍታቸውን ሲያጡ፥ የጣና ደሴቶች ለራሳቸውም ለሌላውም የመጻሕፍት መሸሸጊያ ሆነው ኖረዋል። ውኃው ቅጥር፥ ደኑ መጋረጃ፥ መነኮሳቱ ዘበኞች ሆነው ያቈዩአቸው ብራናዎች ዛሬ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ በቍጥርና በምልክት ይታወቃሉ።

ከእነዚህም አንዱ «ክብራን 9» ተብሎ የተመዘገበው ጥራዝ ነው። በጥራዙ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፈ ሄኖክ ይገኛል፤ ሊቃውንቱም ጽሕፈቱን ወደ 15ኛው መቶ ዓመት ስለሚያስጠጉት፥ ከታወቁት ጥንታውያን የሄኖክ ቅጂዎች ጋራ ይቈጠራል። በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) የጀርመኑ ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት ወደ ጣና ሄዶ የደሴቶቹን መጻሕፍት በፎቶግራፍ አነሣ፤ በ1973ም የክብራንን መጻሕፍት ዝርዝር ከጉዞው ታሪክ ጋራ አሳተመ። በ1983 ደግሞ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ኤፍሬም ይስሐቅ መጽሐፈ ሄኖክን ወደ እንግሊዝኛ ቋንቋ ሲመልስ ይህንኑ የክብራን ቅጂ ለትርጉሙ መሠረት አደረገ። የዚህ ሐተታ ጉዳይ እነዚህ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም ምስጋና የሚገባቸው ስለ ሆኑ የሚመረመሩት ለነቀፋ አይደለም፤ መጽሐፉን ያገኙት ሊቃውንት ደሴቲቱንም አግኝተዋት እንደ ሆነ ለመጠየቅ ነው።

ጥያቄው ከምን እንደ ተነሣ ለማስረዳት የመጽሐፉን ዕድል ባጭሩ መመልከት ያሻል። መጽሐፈ ሄኖክ ከዳር እስከ ዳር ሳይጐድል የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ የሄኖክን ትንቢት ቢጠቅስም፥ በአውሮፓ መጽሐፉ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ነበር። በ1773 እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሦስት የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመው፤ በ1906 ቻርልስ ብዙ ቅጂዎችን አነጻጽሮ የግዕዙን ንባብ አሳተመ። በ1886 እና በ1887 መካከል በግብፅ አገር በአክሚም መቃብር ውስጥ የመጽሐፉን መጀመሪያ የያዘ የግሪክ ቅጂ ተገኘ። በ1952ም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን አራተኛው ዋሻ በአራማይስጥ የተጻፉ ቍርጥራጮች ወጡ፤ ሚሊክ የተባለው ሊቅ በ1976 አሳተማቸው። ወደ ኢየሩሳሌም የሚመጣ ተሳላሚ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ሙት ባሕር ሲወርድ ያን ዋሻ የያዘውን ገደል በዐይኑ ሊያይ ይችላል።

እንግዲህ በመጽሐፉ መጀመሪያ፥ አውሮፓውያን ከምዕራፍ 2 እስከ ምዕራፍ 5 ብለው በሚከፍሉት ቦታ፥ ሄኖክ ሰዎችን ወደ ፍጥረት እንዲመለከቱ ያዝዛቸዋል። በሰማይ ያሉት ብርሃናት ከሥርዓታቸው እንደማይወጡ፥ ክረምትና በጋ ተራቸውን እንደሚጠብቁ፥ ባሕሮችና ወንዞች ሥራቸውን እንደማይለውጡ ያስረዳል። በዚሁ መካከል ስለ ዛፎች ይናገራል፤ ዛፎች ሁሉ ቅጠላቸውን ሲያረግፉ ዐሥራ አራት ዛፎች ግን አሮጌውን ቅጠል ሳይጥሉ ሁለትና ሦስት ዓመት ይዘው አዲሱ እስኪወጣ እንደሚቈዩ ይገልጻል። ከዚህ በኋላ ፊቱን ወደ ሰዎች መልሶ፥ ፍጥረት ሁሉ የታዘዘውን ሲጠብቅ እናንተ ግን አልጸናችሁም ብሎ ይወቅሳቸዋል።

ይህ ስለ ዛፎች የሚናገረው ቃል በአክሚም በተገኘው የግሪክ ቅጂ የለም። የግሪኩ ጸሓፊ ዐይን ከአንድ ቃል ተነሥቶ ያንኑ በሚመስል በሌላ ቃል ላይ ስለ ወደቀ መካከሉን ዘለለው። በቁምራን የተገኘውም ብራና ይህን ክፍል ቢይዝ የተቈራረጠ ነው። ስለዚህ ዐሥራ አራቱ ዛፎች ሳይቈረጡ የቆሙት በግዕዝ ብራና ላይ ነው። አንዱ ጸሓፊ የዘለለውን ሌላው ጠበቀ፤ የጠበቀውም ብራና በደሴት ላይ ኖረ። ይህ ብቻውን የኢትዮጵያ ጸሓፍትን ድካም ለማመስገን ይበቃል።

የአውሮፓ ሊቃውንት በዚህ ቦታ ሲደርሱ አብዝተው የተጨነቁት ለቍጥሩ ነው። ዐሥራ አራት ስለምን ተባለ? እነማን ናቸው? ቻርልስ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ የጥንት የእርሻ መጽሐፍ ጠቅሶ፥ በዚያም በክረምት ቅጠላቸው የማይረግፍ ዐሥራ አራት ዛፎች በስም መዘርዘራቸውን አሳይቷል፤ ከእነዚያም ተምር፥ ትርንጎ፥ ወይራና ጥድ ይገኙባቸዋል። መጽሐፈ ኩፋሌም አብርሃም ይስሐቅን ለመሥዋዕት የሚገባውንና የማይገባውን እንጨት በስም እየጠራ እንዳስተማረው ስለሚናገር፥ ሁለቱን መጻሕፍት ማነጻጸር የተገባ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ምርምር ነው፤ ቃሉን ያብራራል፥ የጥንቶቹ ሰዎች ዛፍን እንዴት ያውቁ እንደ ነበረ ያሳያል። ዳሩ ግን በቍጥሩ ላይ ብቻ የቀረ አንባቢ ከቤቱ ደጃፍ ደርሶ እንደሚመለስ ሰው ነው።

እንደ ኢትዮጵያ የትርጓሜ ሥርዓት ቢታይ ቃሉ በአንድ ወገን ብቻ አይፈታም። ቅጠላቸው የማይረግፍ ዛፎች የተባሉት በቁሙ ዛፎች ናቸው፤ ፈጣሪ ለእያንዳንዱ የሰጠውን ባሕርይ ጠብቀው ይኖራሉ። አንድም አሮጌው ቅጠል አዲሱ እስኪመጣ መቈየቱ፥ መምህር ደቀ መዝሙሩን ሳያስተምር ከወንበሩ እንዳይወርድ፥ ትምህርትም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይቋረጥ እንዲተላለፍ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። አንድም የሚረግፉት ቅጠሎች በመከራ ጊዜ የሚለወጡ ሰዎች ናቸው፤ የማይረግፉትም የጸኑት ናቸው። እንዲህ ያለ ትርጓሜ ሁሉ ግን በመጀመሪያው ላይ ይቆማል። በቁሙ ያለው ዛፍ ከጠፋ ምሳሌው መሠረት ያጣል። ሄኖክ ስሙ ከማለቱ አስቀድሞ ተመልከቱ ብሏል፤ የሚመለከቱት ነገር በፊታቸው ከሌለ ትእዛዙ እንዴት ይፈጸማል?

በዚህ ሚዛን የሐመርሽሚት ሥራ ሲመዘን በመጀመሪያ የሚታየው ትልቅ በጎነት ነው። መጻሕፍቱን ፎቶግራፍ አነሣ እንጂ አልወሰዳቸውም። ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ ሄዷል፤ በ1868 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ መጻሕፍት ጭኖ ሄዷል፤ እነዚያ ብራናዎች ዛሬ በደኅና ቤት ቢቀመጡም ከማኅሌታቸው፥ ከቅዳሴያቸው፥ ከደጀ ሰላማቸው የተለዩ ናቸው። የክብራን መጻሕፍት ግን ምስላቸው በጀርመን አገር ሲነበብ አካላቸው በደሴቲቱ ቀረ። ይህ ከዚያ በፊት ከነበረው ልማድ እጅግ የተሻለ መንገድ ነው። ዝርዝሩም በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ የቅጠሉ ቍጥር፥ የዓምዱ ልክ፥ የጽሕፈቱ ዘመን፥ በኅዳጉ የተጻፈው ማስታወሻ ሳይቀር ተመዝግቧል። የጉዞውን ታሪክ ከዝርዝሩ ጋራ ማሳተሙም መጻሕፍቱ ቦታ እንዳላቸው አለመዘንጋቱን ያመለክታል።

ጉድለቱ ግን ከዚሁ ይጀምራል። ጉዞው በመጽሐፉ ፊት ለብቻው ቀርቶ፥ ዝርዝሩ ሲጀመር ደሴቲቱ ቍጥር ትሆናለች። ከዚያ በኋላ የመጡት ሊቃውንት የሚጠቅሱት ቍጥሩን ነው፤ ቍጥሩን የሚያይ አንባቢ በየት እንደ ተጻፈ፥ በምን እንደ ተሠራ፥ በምን እንደ ኖረ አያውቅም። ይህ የሐመርሽሚት ጥፋት ሳይሆን የዝርዝር ሥራ ሁሉ ጠባይ ነው። ዝርዝር መጽሐፍን ከመጽሐፍ ጋራ ያገናኛል፤ መጽሐፍን ከቦታው ጋራ ለማገናኘት ግን ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። ያም ሥራ ከውጭ በሚመጣ እንግዳ ሳይሆን በቦታው በሚኖሩት ሊሠራ የሚገባው ነበር።

የኤፍሬም ይስሐቅ ሥራም እንዲሁ በሁለት ወገን ይታያል። ከብዙ ቅጂዎች እየለቀሙ በየትኛውም ብራና ላይ ያልተጻፈ አዲስ ንባብ ከማቆም ይልቅ፥ በእውነት የተጻፈና በገዳም የተነበበ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ መሠረት ማድረጉ የሚያስመሰግነው ነው። እርሱ ይህን በማድረጉ በአንዲት ታናሽ ደሴት ሲነበብ የኖረው ቃል በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ተሰማ። በሌላ ወገን ግን አንድ ምስክር ጥንታዊ ቢሆንም ብቻውን አይፈርድም። ክብራን 9 በየቦታው ከሌሎች ቅጂዎች ይለያል፤ ተርጓሚው ማነጻጸሩን ባይተውም፥ አንባቢው የእንግሊዝኛውን ትርጉም የመጽሐፈ ሄኖክ የመጨረሻ ንባብ አድርጎ እንዳይወስደው ሊጠነቀቅ ይገባል። ዋናው ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ያልፋል። የክብራንን መጽሐፍ መሠረት ያደረገ ሰው፥ መጽሐፉ ተመልከቱ ያለውን የክብራንን ዛፍ ለአንባቢው ሊያሳየው አይችልም፤ ያን ማድረግ የሚችለው ደሴቲቱን የሚጠብቅ ብቻ ነው።

መጽሐፍና ደን የተለያዩ ነገሮች የሚመስሉት ብራና ሲዘጋጅ ላላየ ሰው ነው። ብራናው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ ብዕሩ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ይቀረጻል፤ የመጽሐፉ ገበታ ከዋንዛ ወይም ከወይራ ይጠረባል፤ ማኅደሩ ቆዳ ነው፤ ቀለሙም ከጥላሸትና ከልዩ ልዩ ተክል ይዘጋጃል። ከበሮው ከግንድ ይቦረቦራል፤ መቋሚያውም ዕፅ ነው። አንድ ጥራዝ በእጁ የያዘ ካህን ደኑንና መንጋውን ባንድነት ይዟል ማለት ነው። ስለዚህ ዋንዛው ሲያልቅ ያረጀውን መጽሐፍ በአባቶች ልማድ የሚጠርዘው ሰው በምን ይጠርዛል? መቃው ሲጠፋስ ደቀ መዝሙሩ ጽሕፈት በምን ይለምዳል?

የቀድሞ አባቶች ይህን በመጽሐፍ ሳይተነትኑ በሥርዓት ጠብቀውታል። በኢትዮጵያ ደጋ አገር ብዙው ደን ተመንጥሮ እርሻና ግጦሽ ሲሆን፥ አገር በቀሉ ዛፍ የተረፈው ባብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ሕዝቡም ዛፉን የቤተ ክርስቲያን ልብስ አድርጎ ያየዋል፤ ልብሷን የሚገፍፋትን ሰው ይጸየፈዋል። ከክብራን ማዶ ባለው በዘጌ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በቀድሞ ግዝት የተከለከለ በመሆኑ፥ ሕዝቡ ከዛፍ ጥላ በታች ቡና እያለማ ኖሯል። የዘጌ ትውፊትም አባ በትረ ማርያም በትራቸውን በሦስት ከፍለው ተክለው ቡና፥ ጌሾና ሎሚ እንደ በቀለላቸው ይተርካል። ትውፊቱን የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያስተውላል፤ በዚያ አገር ቅድስና ከዛፍ ጋራ ተያይዞ የተነገረው ደኑ የሚጠበቀው በፖሊስ ሳይሆን በቃል ኪዳን ስለ ሆነ ነው።

ከደኑ ወደ ውኃው ሲወረድ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፥ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ከሚመጣው ዓሣ ለይቶ ስለ ዘጋው፥ በውስጡ ያለው ነጭ ዓሣ በብዙ ዘመን ወደ ልዩ ልዩ ወገን ተከፍሎ ተራብቷል፤ አንዱ ሌላ ዓሣ ያድናል፥ አንዱ ቀንድ አውጣ ይለቅማል፥ አንዱ የውኃ ተክል ይበላል። የዓሣ ሊቃውንት በሌላ በየትም አገር የማይገኙ 15 ዐይነቶች ቈጥረዋል። ፍጥረት ሁሉ በየሥርዓቱ እንደሚኖር ለሚያስተምረው መጽሐፍ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከወዴት ይመጣል?

ዳሩ ግን ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች እየወጡ ዕንቍላላቸውን ይጥላሉ። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በጣና ከገባ ወዲህ፥ መረቡ በወንዞቹ አፍ ላይ እየተዘረጋ ለመውለድ የሚወጡትን ጠለፈ። ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ምርመራ የነጭ ዓሣው ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። መረቡ የገባው ድኻውን ዓሣ አስጋሪ ለመርዳት ነበር፤ ዐሳቡ መልካም ሲሆን ወራቱንና ቦታውን ባለመለየት ጕዳት ሆነ። በደንገል ታንኳና በትንሽ መረብ የሚያሰግረው የቀድሞ ሰው ሐይቁን የማይጨርሰው ጻድቅ ስለ ሆነ ሳይሆን ዐቅሙ የተወሰነ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ግን ዐቅም ወሰን ስለሌለው ሕግ ወሰን ሊሆን ይገባል፤ ሕጉም ዓሣው በሚወልድበት ወራት የወንዞቹን አፍ ነጻ የሚያወጣ መሆን አለበት።

ውኃውም እንደ ቀድሞው በራሱ ሥርዓት አይወጣም አይወርድም። በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨራ ጨራ ውኃውን የሚቈጣጠር ግድብ ተሠራ፤ በ2010 ደግሞ ከሐይቁ ወደ በለስ ውኃ እየተቀዳ መብራት ማመንጨት ጀመረ። አገር ብርሃን ማግኘቱ የማይነቀፍ ነው። ነገር ግን በ2003 የሐይቁ ወለል እጅግ ዝቅ ባለ ጊዜ ጀልባዎች እንደ ልብ መሄድ ተሳናቸው፤ የዳር ረግረጉም እየደረቀ ታረሰ። ታንኳ የሚሠራበት፥ ወፎች የሚጐጠጕጡበት፥ የዓሣ ግልገል የሚሸሸግበት ደንገል በብዙ ቦታ ጠፋ። በ2011 ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው እንቦጭ የተባለ አረም በሐይቁ ላይ ታየ። አበባው ሲያዩት ያምራል፤ ግን ውኃውን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ ብርሃንና አየር ያሳጣል፥ መረብና ታንኳ ያስራል፥ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቈያል። ገበሬዎች በእጃቸው ሲነቅሉት ከርመዋል፤ ከየእርሻው የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ሐይቁን እየመገበው ሳለ ነቀላ ብቻውን እንደማይበቃው ግን የታወቀ ነው።

በ2015 ዩኔስኮ ጣናን ከነዙሪያው የሕይወት ክልል ብሎ መዘገበው። የዚህ ሥርዓት አከፋፈል ለካህን እንግዳ አይደለም። መካከሉ ሳይነካ የሚጠበቅ ነው፤ ቀጥሎ ያለው በጥንቃቄ የሚሠራበት ነው፤ የውጭው ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ነው። ክብ የሆነችውን የጣና ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው መቅደስ፥ ቅድስትና ቅኔ ማኅሌት መሆኑን ያውቃል። በቅኔ ማኅሌቱ ሁሉ ይቆማል፤ ወደ ቅድስቱ የሚገባው ተዘጋጅቶ ይገባል፤ ወደ መቅደሱ ካህን ብቻ ይገባል። ለሁሉ የተከፈተ መቅደስ መቅደስ አለመሆኑን ምእመናን ስለሚያውቁ ማንም አይቈጣም። እንግዲህ ይህን ሥርዓት ለሕዝብ ማስረዳት የሚችል መምህር ቢኖር የገዳም መምህር ነው፤ በባዕድ ቃል ከማስረዳት ይልቅ በቤተ ክርስቲያኒቱ ግንብ ቢያሳየው ገበሬው ባንድ ቀን ይረዳዋል።

የዚህ አያያዝ ጉድለት መዝገቡ በሁለት ቤት መከፈሉ ነው። ቅርስ የሚጠብቀው መጽሐፉን፥ ሥዕሉንና ዘውዱን ይቈጥራል፤ ዱርና አራዊት የሚጠብቀው ወፉን፥ ዓሣውንና ዛፉን ይቈጥራል። አንዱ የሌላውን መዝገብ አያነብም። በዚህ ምክንያት መጽሐፉ በብረት ሣጥን ተቈልፎ ገበታው የተጠረበበት ዛፍ ሲወድቅ ማንም ቅርስ ጠፋ አይልም። የደሴቲቱ ሰዎች ግን እነዚህን ነገሮች ለያይተው አያውቁም ነበር፤ ዛፉም መጽሐፉም ለአንድ ታቦት የተሰጡ ናቸው።

ከውጭ የመጣው ሁሉ ሲመረመር የቤት ጉድለት ሊሸፈን አይገባም። በብዙ አድባራት አገር በቀሉ ዛፍ በወደቀበት ባሕር ዛፍ ተተክሏል፤ ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ገንዘብ ያመጣል፥ ነገር ግን ምድሩን ያደርቃል፥ በሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አያበቅልም። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ተለውጧል፤ ክዳኑን በየጊዜው ማደስ ለድኻ ገዳም ከባድ መሆኑ አይካድም፥ ዳሩ ግን ሣር ማጨድና መክደን የሚያውቁ እጆች አብረው ጠፍተዋል። ከሁሉ የሚከፋው ከብራና መጻሕፍት ቅጠል እየተገነጠለ ለእንግዳ መሸጡ ነው። ሻጩ ስለ ራቡ ይሸጣል፤ ገዢውም ጥንታዊ ነገር ያዳነ ይመስለዋል። ሁለቱም ዛፍን ቅጠሉን እየሸለቱ የሚያደርቁ ሰዎችን ይመስላሉ። ገዳሙ ዕለት ዕለት የሚበላውን ካጣ ጠባቂው እንደሚፈተን ማወቅ ይገባል፤ ስለዚህ መጽሐፍ ይጠበቅ የሚል ሁሉ ጠባቂው ምን ይበላል ብሎ አብሮ መጠየቅ አለበት።

ምናልባት አንድ ሰው፦ መነኵሴ ዓለምን ንቆ የወጣ ነው፤ ዓሣና ዛፍ መቍጠር ምኑ ነው? ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሰጡት የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስ ናቸው። አንድ ፈላስፋ ያለ መጽሐፍ እንዴት ይኖራሉ ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ፥ መጽሐፋቸው የተፈጠረው ፍጥረት መሆኑን፥ የእግዚአብሔርንም ቃል ማንበብ ሲሹ በፊታቸው ተዘርግቶ እንደሚያገኙት እንደ መለሱለት ይነገራል። እንጦንስ የብራና መጽሐፍ ባይኖራቸው የፍጥረትን መጽሐፍ አነበቡ። ክብራን ሁለቱንም ይዛለች። የአንዱን ቅጠል በጥንቃቄ እየገለጠ የሌላውን ቅጠል የሚያረግፍ ሰው ሁለቱንም አላነበበም።

እንግዲህ ከዚህ ሐተታ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። የሐመርሽሚት ዝርዝር ሊጠበቅና ሊከበር ይገባዋል፤ ግን ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሚጽፉት የደሴቶቹ ልጆች ናቸው። የኤፍሬም ይስሐቅም ትርጉም ደሴቲቱን ለዓለም አስተዋውቋታል፤ የተዋወቀችውን ደሴት እንደ ነበረች ማቈየት ግን ከተርጓሚ አይጠበቅም። የቀድሞ ሰዎች የገዳሙን ርስትና ጕልት በወንጌሉ ኅዳግ እየጻፉ ለትውልድ አስተላለፉ፤ መሬቱ ከነድንበሩ፥ ሰጪው ከነስሙ፥ ግዝቱ ከነምስክሩ ተጽፎ ይገኛል። በዚያው ልማድ የደሴቲቱ ዛፎች በየስማቸውና በየቦታቸው፥ ወፎቹም በየወራታቸው ቢመዘገቡ አዲስ ነገር አይሆንም። እንዲህ ያለ መዝገብ ከመጻሕፍቱ መዝገብ ጋራ በአንድ ሣጥን ቢቀመጥ፥ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ የሄኖክን ቃል ሲማር ዛፉ ምን እንደ ሆነ ከመምህሩ አፍ ብቻ ሳይሆን ከደጁ ያገኘዋል። የደረቀው በአገር በቀል ተክል ይተካ፤ ለጥራዝ የሚሆን ዋንዛ ለብቻው ይተከል፤ ጽሕፈት የሚማሩት ልጆችም መቃውን ከመትከል ይጀምሩ።

ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ተሳላሚም ድርሻ አለው። ለበረከት ብሎ ቅርንጫፍ አይስበር፤ ከብራና የተገነጠለ ቅጠል ቢያቀርቡለት አይግዛ፥ ይልቁንም ለገዳሙ የሚሰጠውን በግልጥ ለገዳሙ ይስጥ። ካህንም በዐውደ ምሕረት ሲያስተምር፥ ዓሣ በሚወልድበት ወራት የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት በባልንጀራ ቤት እሳት ከመለኰስ እንደማይለይ ይንገር። ይህ ሁሉ ከሕግና ከመንግሥት ሥራ ጋራ የሚሄድ እንጂ የሚቃወመው አይደለም።

የግሪኩ ጸሓፊ ዐይኑ ስቶ አንድ ክፍል ዘለለ፤ ዐሥራ አራቱ ዛፎችም ከመጽሐፉ ጠፉ። እርሱ ክፋት አላሰበም፤ ያልፍ ነበረና አለፈ። የዘለለውን ለመመለስ የሌላ አገር ሕዝብ ብራና አስፈለገ። በምድር ላይ ያለ ዛፍ ሲዘለል ግን የሚመልሰው ሌላ ቅጂ የለም። ክብራን በውኃ መካከል የቆመች አንድ ብቻ ቅጂ ናት፤ የሚያነባትም የሚጠብቃትም ይህን ዐውቆ ይያዛት።